ዛልኩ፤ ከአገልግሎት ትንሽ ባርፍ ማረሻዬን ጣልኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ነኝ። ባንክ ነው የምሠራው። ባለቤቴ ከወለደች ሁለት ወር አለፋት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራው ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። የሆሣዕና ዝግጅት አለ፣ የመዝሙር ጥናት አለ፣ የሕፃናት ትምህርት አለ፣ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አለ። ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቤቴ የምደርሰው ልጄ ከተኛች በኋላ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ድምፅ ማጉያው ገመድ ነው። ጸሎት ሰለቸኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ሰልችቶኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ታዳጊ አርፍዳ ስትመጣ ሰው ሁሉ ፊት ጮህኩባት፤ አለቀሰች። ለጓደኞቼ «ትንሽ ልረፍ» ብላቸው «ማረሻ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት ለመንግሥተ ሰማያት አይሆንም» አሉኝ። የልጄ ክርስትና እንኳ ከስብሰባ ጋር ተጋጭቶብኛል። ባርፍ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችልህ። ልጅህን ያሳድግልህ።

ማረፍ ኃጢአት አይደለም። ያችን ታዳጊ ማስለቀስህ ግን ንስሐ ያስፈልገዋል። የጮህክባት ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም ሰው ፊት ጠይቃት። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርህ ድካምህ ወዴት እየወሰደህ እንደሆነ ከምንም በላይ የሚያሳየው ይህ ስለሆነ ነው። የዛለ ሰው ዝለቱ በራሱ ላይ አይቀርም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ደካማው ላይ ነው፤ ቤት ከሆነ ልጅ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አርፍዳ የመጣች ታዳጊ ላይ።

ጓደኞችህ የጠቀሱልህ ቃል የጌታ ቃል ነው፤ አቃልዬ አላልፈውም። ግን አገራችን የገበሬ አገር ነው፤ እስቲ ገበሬውን እይ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጥማዱን ይፈታል። በሬዎቹን ውኃ ያጠጣል፣ ለራሱም እህል ይቀምሳል፣ ይተኛል። በሰንበት ጭራሽ አይጠምድም። ጥማድ ፈታ ብሎ እርሻውን ተወ የሚለው ሰው አለ? ወደ ኋላ ማየት ማለት ልብን ከመንገዱ መመለስ ነው። ጥማድ መፍታት ሌላ ነው። እግዚአብሔር በኦሪት ስለ ሰንበት ሲያዝዝ በሬውንና አህያውን እንኳ አልረሳም፤ እነርሱም ይረፉ አለ። ለበሬ ያዘነ አምላክ ለአንተ አያዝንም?

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ለእረፍት የሚሆን ትምህርት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። በየቀኑ የምትቆምባት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቷ ራሱ ያስተምርሃል። ካህናቱ «ሰሞነኛ» ሲባሉ ሰምተሃል። ሰሞነኛ ማለት የዚያ ሳምንት ተረኛ ነው። ሰሞኑ ሲያልቅ ለተረኛው ያስረክባል። ያስረከበውን ካህን «ሸሸ» የሚለው የለም። ቅዳሴውንም እይ። ቢያንስ አምስት ልዑካን ካልተሟሉ፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ማለት ነው፣ ቅዳሴ አይገባም። ካህኑ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ብቻውን አይቀድስም። ማኅሌት ላይም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀበላል። እንደዚህ ባይሆን ሌሊቱ አይነጋም ነበር። ያም ሆኖ ክንዳቸው ሥር መቋሚያ አለ። አሁን ባለንበት ጾም ደግሞ ከበሮውና ጸናጽሉ ራሳቸው ያርፋሉ። 55 ቀን ዝም ብለው ቆይተው በትንሣኤ ሲሰሙ ልባችን እንዴት እንደሚዘል አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ።

ይህ ሥርዓት ትናንት የመጣ አይደለም። ዳዊት ካህናቱን በ24 ክፍል መድቧቸው ነበር፤ ስምንተኛው ዕጣ የአብያ ነበር። የመጥምቁ ዮሐንስ አባት ዘካርያስ ከዚያ ክፍል ነው። ሉቃስ ሲጽፍ በተራው ሲያገለግል መልአኩ ተገለጠለት ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናልፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። የአገልግሎቱ ወራት ሲፈጸም ወደ ቤቱ ሄደ ይላል። ልብ በል፣ መልአክ ያየ ካህን ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ከተገለጠልኝማ ከመቅደሱ አልወጣም» ሊል ይችል ነበር። ተራው አለቀ፣ ሄደ። ኤልሳቤጥ የፀነሰችው ከዚያ በኋላ ነው። በመቅደስ የተነገረው ተስፋ የተፈጸመው በቤት ነው። አንተም ከመቅደስ መልስ የምትደርስበት ቤት፣ ያች ሁለት ወር ያለፋት ልጅ፣ ከአገልግሎትህ የተረፈ ትርፍ ነገር አይደሉም።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በወጣትነቴ እንዳንተ ሰብሳቢ ነበርኩ። የመዝሙር አልባሳቱ ሣጥን ቁልፍ፣ የአዳራሹ ቁልፍ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ቁልፍ፣ ሁሉም በአንድ ማንጠልጠያ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ስሄድ ይንኳኳሉ፤ ልጆቹ በድምፁ ነበር መምጣቴን የሚያውቁት። አንድ ጊዜ በዚሁ በጾም ታይፎይድ ያዘኝና ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ቁልፉ ከእኔ ጋር ቀረ። የመጀመሪያው እሑድ ልጆቹ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው ውለው ተበተኑ። በሁለተኛው እሑድ አንዲት ዝምተኛ እህት፣ አንድም ቀን ኃላፊነት ሰጥቻት የማላውቅ፣ ዛፍ ሥር ሰብስባ አስተማረቻቸው። ተሽሎኝ ስመለስ ልጆቹ «እሷ ታስተምረን» አሉ። ያን ቀን ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ከፋኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ለሦስት ዓመት ያችን እህት ጸጋዋን እንደከለከልኳት ገባኝ። እኔ «መሥዋዕትነት» የምለው ነገር ለእሷ የተዘጋ በር ነበር።

ስለዚህ ራስህን ጠይቅ፤ እኔንም የጠየቀኝ አልነበረምና ልጠይቅህ። ሁሉን የያዝከው ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይስ ሌላው እንዳንተ አድርጎ አይሠራውም ብለህ? ሁለተኛው ከሆነ እውነትህን ነው፤ እንዳንተ አይሠራውም። ያበላሻል፣ ያረፍዳል፣ ከዚያ ይለምዳል። አንተም የለመድከው እንደዚያ ነው። የሙሴ አማት ዮቶር አማቹ ከጠዋት እስከ ማታ ለብቻው ሲፈርድ አይቶ «አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» ብሎታል። «ሕዝቡም» ያለውን አትለፈው። አንድ ሰው ሁሉን ሲይዝ የሚደክመው እሱ ብቻ አይደለም፤ ተሰልፎ የሚጠብቀውም ይደክማል። ሙሴ ደግሞ ምክሩን ሰማ። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር ነቢይ ነው፤ ግን ከአማቱ ምክር ተቀበለ።

«ጾም ነው፣ አሁን ጊዜው አይደለም» ትለኝ ይሆናል። ጊዜው እንደማይመች አውቃለሁ። ሐዋርያትም አልተመቻቸውም ነበር። ማርቆስ እንደጻፈው እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አጥተው ሳለ ጌታ «ኑና ጥቂት ዕረፉ» አላቸው። ታንኳ ተሳፍረው ሄዱ፤ ሕዝቡ በእግሩ ሮጦ ቀደማቸው። ጌታ አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ መገባቸው። ከዚያ ግን ሲመሽ ሕዝቡን አሰናብቶ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። እረፍቱ ተቋረጠ እንጂ አልተሰረዘም። ማሰናበት አገልግሎት ነው። ቅዳሴያችንም ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ያበቃል። ያንተ ስብሰባ «እትዉ በሰላም» የለውም። ከአዳራሽ ወጥቶ ቴሌግራም ላይ ይቀጥላል፤ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት «ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር» ይባላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ለሥራ አመራሩ በግልጽ ተናገር፤ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ተራዬን አስረክባለሁ በል። ቀኑ ይታወቅ፤ ቀን የሌለው እረፍት መጥፋት ይመስላል፣ ሰውም ያወራል። የመዝሙር ጥናቱን ለመዝሙር ክፍሉ፣ ስብሰባውን ለምክትልህ፣ ዕቃውን ለንብረት ክፍሉ ስጥ። ስትሰጥ ከነቁልፉ ስጥ። ቁልፍ ሳይሰጡ ኃላፊነት መስጠት ሰው ማንገላታት ነው። ለራስህ አንድ ነገር ብቻ ያዝ፤ ልብህን የሚያሞቀውን። ሕፃናት ማስተማር ደስ ካለህ እሱን ያዝ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩን ዝጋው። የሆሣዕና ዝግጅት ዘንድሮ ትንሽ ቢቀንስ ጌታ በውርንጫ ነው የገባው፤ አይከፋውም። ሥራ ላይ ሆነው በውጭ አገር የሚያገለግሉ ወንድሞችና እህቶች ቢያነቡት ለእነርሱም እንደዚሁ እላለሁ። እዚያ ደግሞ ቀዳሹም አስተማሪውም ወጥ ሠሪውም ያው ጥቂት ሰው ስለሆነ ተራ ማውጣቱ ይከብዳል፤ ግን ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለ ጸሎቱ። መሰልቸትህን ለንስሐ አባትህ ሳታሳምር ንገራቸው። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ሲል እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩ የቀሰቀሰው ሊገሥጸው አልነበረም፤ «ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። አጠገቡ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀሰቀሰው፣ አበላው። ወደ ኮሬብ ያደረሰው መንገድ የጀመረው በእንቅልፍና በእንጎቻ ነው። አሁን ረጅም ጸሎት ካቃተህ አባታችን ሆይንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ከባለቤትህ ጋር ቆመህ አድርስ፤ ተኛ። የጾሙን ሰዓትና መጠን ግን ራስህ አትወስን፤ ንስሐ አባትህ ድካምህን አይተው ይወስኑልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ካለህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ሳምንታት እያለፉ ልብህ ካልተፈታ፣ መኖርም ካስጠላህ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ዛሬ ነገ አትበል። ጠበሉም ሕክምናውም የእግዚአብሔር ነው።

ስለ ልጅህ ክርስትና የጠየቅከኝ ቀላሉ ነው። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ስብሰባው ያለ አንተ ይሁን። በጠዋት ተነሣ፣ ነጠላህን ልበስ፣ እናቲቱን ደግፈህ ልጅህን ታቅፈህ ሂድ። ክርስትና እናቷ እስክትቀበልህ ድረስ አትስጣት። ያን ቀን ሰብሳቢ አይደለህም። ቄሱ ስሟ ማን ይባላል ሲሉ የምትመልሰው አንተ ነህ።