ለትራውት ወደ ባሌ ለምትሄድ፦ ከዘንጉ በፊት ፈቃዱ

ሰላም ወንድሜ። «ታናሽ ወንድሜ በገና ሰሞን ከዴንቨር ይመጣል፤ አምስት ቀን አለን፤ ባሌ ላይ በፍላይ ትራውት ማስገር እንፈልጋለን፤ ምን እናዘጋጅ?» ብለህ ለጠየቅከው ነው። (ትራውት የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ነው፤ ፍላይ ደግሞ ነፍሳት እንዲመስል መንጠቆ ላይ በላባና በክር የሚታሰር ማታለያ።) እሱ እዚያው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ላይ የሚያሰግር ከሆነ አወራወሩን ያውቀዋል። ስለዚህ እዚህ የሚለየውን ብቻ ልንገርህ።

1. ፈቃድ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ደረሰኝ የዓሣ ማስገሪያ ፈቃድ አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው እኛም ሁለት ሙሉ ቀን የተቃጠለብን በዚሁ ስለሆነ ነው። አስጎብኚ ድርጅት «ሁሉም ተካቷል» ሲልህ መኪና፣ ማደሪያና መግቢያ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልክ አያነሳም፤ ሲያነሳም የሚናገርህ እንደ ለማኝ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት «የማስገሪያ ፈቃድ፣ ለሁለት ሰው፣ ለይህን ያህል ቀን» የሚል ቃል በጽሑፍ ይላክልህ። ካልላኩ ራስህ ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጨርስ። ደረሰኙ ላይ «ዓሣ ማስገር» የሚለው፣ ቀኑና የሁለታችሁም ስም መኖሩን መስኮቱ ላይ ቆመህ አንብብ። ወንዝ ዳር የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ሲጠይቅህ የምታሳየው እሱን ነው፤ ስካውቱ ሥራውን ነው የሚሠራው፣ ከእሱ ጋር አትጣላ። የወንድምህን ፓስፖርትና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለው እሱንም ያዝ፤ የውጭ ዜጋና የኢትዮጵያዊ ክፍያ ይለያያል። የገና ዕለት ቢሮ ዝግ ነውና ፈቃዱን ከዋዜማው በፊት ጨርስ።

2. ቀን። ወቅቱን በደንብ መርጠሃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ውኃው ይጠራል፤ በክረምት ግን ደፍርሶ ፍላዩ ለዓሣው አይታየውም። ግን አምስት ቀን ማለት አምስት የማስገሪያ ቀን አይደለም። ከአዲስ አበባ ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአሰላም ብትሄድ በሻሸመኔም ዶዶላንና አዳባን አልፈህ ነው የምትገባው፣ ቀንህን ይበላዋል። መመለሻው ሌላ ቀን ነው። በአውሮፕላን ሮቤ ወርዳችሁ ወደ ዲንሾ ብትመለሱ ግን ግማሽ ቀን ታተርፋላችሁ። የቀረውን ሦስት ቀን እንዲህ ክፈለው፦ አንዱን ዲንሾ አጠገብ ባለው ዳንካ ወንዝ ላይ፣ ሁለቱን ዌብ ሸለቆ ላይ። የመጀመሪያውን ቀን ዝቅ ብሎ ማዋል ለሳንባም ነው። ዲንሾ ከባሕር ወለል 3,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ዌብ ሸለቆ 3,500 ይደርሳል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናትና «እኔ የተራራ ሰው ነኝ» ቢልህ አትስማው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ወደ ላይ አትቀጥሉ።

ስለ ዕቃው ቁጥር ሰጥቼ ልቀጥል ነበር፣ ግን አንዱ ከአንዱ ስለሚያያዝ እንዲሁ ልጻፈው። አገር ቤት ስትደርስ የጎደለህን የምትገዛበት ሱቅ አታገኝም፤ ሁሉም ከዴንቨር ይምጣ። ዘንጉ ቁጥር 4 ወይም 5፣ ርዝመቱ ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር፣ አራት ቦታ የሚነቃቀል ይሁን፤ ፈረስ ላይ ሲጫን ረጅሙ ይሰበራል። ክሩ ተንሳፋፊ፣ ከክሩ ጫፍ የሚታሰረው ቀጭን ግልጽ ክር (ሊደሩ) 2.7 ሜትር፣ ጫፉ ላይ የሚቀጠለው 0.15 እና 0.18 ሚሊ ሜትር። በበጋ ውኃው አንሶ እንደ መስታወት ስለሚጠራ ወፍራም ክር ዓሣውን ያስበረግጋል። ፍላዩ ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ዶቃ ያለው ኒምፍ (ውኃ ውስጥ የሚሰምጠው ፍላይ) ከቁጥር 12 እስከ 16፣ ጥቂት ተንሳፋፊ፣ ሁለት ሦስት ትልልቅ ጥቁር ወይም ወይራማ ቁጥር 8 ወይም 10 (መንጠቆ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ መጠኑ ይተልቃል)። በድምሩ ከ40 አይነስ፤ ወንዙ ዳር ያለው የአስታ ቁጥቋጦ ስትወረውሩ ከኋላ እየያዘ ይበላዋል። ስለዚህ ሮል ካስት፣ ማለትም ክሩን ወደ ኋላ ሳይወነጭፉ መወርወር፣ ይለማመድ። የመንጠቆውን መልስ ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ዓሣውን ሳይጎዱ ለመልቀቅ። እጅም ዓሣውን ከመንካቱ በፊት ይርጠብ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ወንድምህ ኮሎራዶ ወንዝ ውስጥ የገባበትን ጫማና ዌደር (ውኃ የማያስገባ ሱሪ) እንዳለ ይዞ እንዳይመጣ። እዚያ ወንዞች ውስጥ የትራውትን ጫጩት አዙሮ አዙሮ የሚገድል ጥገኛ ተውሳክ አለ፤ በእርጥብ ጭቃ ይተላለፋል፤ ቀስተ ደመና ትራውት ደግሞ በተለይ ይጠቃበታል። ባሌ ያለው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ ከተበከለ የሚተካው ሌላ የለንም። ጭቃውን በብሩሽ ማስለቀቅ፣ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ከስፌቱ ጭምር እስኪደርቅ ቀናት ፀሐይ ላይ መተው ነው። ሶሉ ፌልት፣ ማለትም የተጠቀጠቀ ጨርቅ፣ የሆነ ጫማ ውኃ ስለሚይዝ በአጭሩ ይቅር፤ ጎማ ሶል ይግዛ። የቻለ ሰው አዲስ ጫማ ያመጣል፣ እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ።

ሰዓት ላይ አትሳቱ። ሌሊቱ በረዶ ስለሚሠራ ንጋት ላይ ዓሣው ደንዝዞ ይቆያል፤ ፀሐይ ውኃውን ስትነካው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ነው ጥሩው። ከዚያ ነፋሱ ይነሳል፣ ቀጭን ክር አይታዘዝም። ትራውት ፊቱን ወደ ላይኛው ውኃ አዙሮ ይቆማል፤ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፣ ጥላችሁ ውኃው ላይ አይውደቅ፣ ዳር ላይ ተንበርከኩ። ቀይ ወይም ነጭ ልብስ አይለበስ።

መሪና የጭነት ፈረስ ዲንሾ ላይ ትይዛለህ፣ ከፈቃዱ ጋር በአንድ ጊዜ ተነጋገር። ዋጋውን፣ ፈረሱ ስንት ቀን እንደሚቆይና የመሪው ምግብ በማን እንደሆነ አስቀድመህ ወስን። ምስርና ባቄላ አትውሰድ፤ ሸለቆው ላይ ውኃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ አይበስልም። በሶ፣ ፓስታና ድርቆሽ ይሻላል። ውሻ ካለህ ቤት ይቅር፤ ቀይ ቀበሮን የሚጨርሰው ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀኖቹን ስትቆርጥ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የትኛው ቀን የት እንደሚሻል አይቼ እነግርሃለሁ።