የኢዎ ጂማው ባንዲራ ፎቶ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካና ጃፓን በተዋጉባት የጃፓን ደሴት በኢዎ ጂማ፣ ፎቶ አንሺው ጆ ሮዘንታል ሱሪባቺ ተራራ ላይ ስላነሳው፣ ስድስት የአሜሪካ ማሪኖች ባንዲራ ሲተክሉ ስለሚታዩበት ፎቶ ጠይቁኝ። ከወዲሁ ግን፦ የዚያን ቀን የተሰቀሉት ባንዲራዎች ሁለት ናቸው። አታምታቷቸው።

ጥያቄ፦ ፎቶው የተቀነባበረ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሰት ነው፤ ግን ወሬው የወጣው ከራሱ ከሮዘንታል አፍ ነው። ባንዲራው ከቆመ በኋላ ወታደሮቹን ሥሩ ሰብስቦ ሌላ ፎቶ አነሳቸው። ፊልሙ ለእጥበት ወደ ጓም ደሴት ስለተላከ፣ ዓለምን ያዳረሰው የትኛው እንደሆነ አላየም። በኋላ "አዘጋጅተሃቸው ነው?" ሲሉት የቡድኑን ፎቶ መስሎት "አዎ" አለ። ያቺ "አዎ" ዕድሜ ልኩን ተከተለችው። አጠገቡ የነበረው የማሪኖች ፊልም ቀራጭ ቢል ጄናውስት ያንኑ ቅጽበት በባለቀለም ተንቀሳቃሽ ፊልም ቀርጾታል፤ ያየው ሰው አይጠይቅም። ጄናውስት ራሱ ውጊያው ሳያልቅ እዚያው ሞቷል።

ጥያቄ፦ ካሜራው ምን ነበር?

መልስ፦ ስፒድ ግራፊክ። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ፎቶው የተነሳው በድሉ ቀን ነው አይደል?

መልስ፦ ኧረ ወዲያ! ውጊያው የተጀመረው ፌብሩዋሪ 19 ነው፤ እስከ ማርች 26 ቀጥሏል። ከስድስቱ ስትራንክ፣ ብሎክና ሳውስሊ ከደሴቲቱ በሕይወት አልወጡም።

ሌላ አባል፦ ለካሜራ ካልሆነ ሁለተኛ ባንዲራ ምን አስፈለገ? ድራማ ነው።

ሦስተኛ አባል፦ ድራማ ካልክማ ሶቪየቶቹ በርሊን ላይ ባንዲራ ሲሰቅሉ የሚታዩበት ፎቶ አለልህ! ጭስ ተጨምሮበታል፣ ከወታደሩ እጅ ሰዓት ተፍቋል።

መልስ፦ በርሊንን ሌላ ቀን። የመጀመሪያው ባንዲራ ትንሽ ነበር፤ የዚያን ፎቶ ያነሳው ሉ ሎውሪ ነው። ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ተፈለገና ተተካ። ሁለት ባንዲራ ነው አልኩ እኮ!

ጥያቄ፦ ስድስቱ እነማን ናቸው?

መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። የስማቸው ዝርዝር ሦስት ጊዜ ታርሟል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1947 ሃንሰን ወጥቶ ብሎክ ገባ። ይህን ከመነሻው ያውቅ የነበረው ከስድስቱ አንዱ፣ አይራ ሄይስ ነው፤ ዝም በል ተብሎ ነበር፤ በ1946 ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ለብሎክ አባት ነገራቸው። በ2016 ብራድሊ ወጥቶ ሹልትዝ፣ በ2019 ጋግኖን ወጥቶ ኬለር ተተኩ። ፊት አይታይማ! የተለዩት ከሌሎች ፎቶዎችና ከጄናውስት ፊልም ጋር ትጥቃቸው አንድ በአንድ ተመሳክሮ ነው። ብራድሊ ግን ዋሾ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ባንዲራ ሲሰቅሉ ነበረበት። አታምታቱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እና ፎቶው የተቀነባበረ ነው?

መልስ፦ ወደ ላይ ተመለስና አንብብ።