የሻይ ሰዓት ላይ ምን እናውራ ለምትሉ ልጆች

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ በሚዘጋጁ የትውውቅ መድረኮች ላይ እገኛለሁ። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ግማሻችሁ ጥግ ይዛችሁ ስልክ ትነካካላችሁ። የቀራችሁት ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ "ሲቪዬን ልላክልዎት?" ትላላችሁ። ሁለቱም አያዋጣም።

የወሎ ሰው ሰላምታ ላይ አይቸኩልም። ጤናው፣ ቤተሰቡ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ ጉዳይ ከመጣበት ቅር ይለዋል። እንግዲያው ከዚያው ጀምሩ። ስለ አየሩ ማውራት የሰነፍ ወሬ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፣ በተለይ እኛ አገር። ደሴ ላይ በጉም መሀል ካፖርት ደርቦ የወጣ ሰው፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ያወልቀዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

አጠገባችሁ የቆሙት ሰው ጃኬታቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገዋል እንበል።

"ከደሴ ነው የወረዱት?"

"አዎ፣ የጠዋቱ ጉም ለጉድ ነው።"

"ሀረጎ ላይ አላስቸገራችሁም?"

"እኛስ በትንሽ መኪና ነን። ለከባድ መኪና ነው እንጂ።"

እዚህ ላይ ጆሮ ያስፈልጋል። ሰውየው ከባድ መኪናን ምን አስነሳቸው? "የጭነት ሥራ ላይ ነዎት እንዴ?" በሏቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ ይሄዳል፤ ወደ ደረቅ ወደቡ፣ በባቲ በኩል ሚሌና ጅቡቲ ወደሚያደርሰው መንገድ፣ ጥሩ ሹፌር ወደ ማጣት። ሁለተኛው ጥያቄ የሚገኘው ከመጀመሪያው መልስ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችሁ ግን ሰው ሲያወራ ቀጥሎ የምትሉትን ስታሰላስሉ መልሱ ያመልጣችኋል።

ስም ሰምታችሁ ሃይማኖት አትገምቱ። ወሎ ነው፤ ከአሊ ቤት ገብሬ ይወጣል። ሳህን አቅርባችሁም "ብሉ እንጂ" እያላችሁ አታስጨንቁ። አንዱ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፣ ሌላው ረመዳን ላይ ነው። ብሔርና ፖለቲካ አይነሳም፣ አለቀ። ጦርነቱ በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ስለነበር "ያኔ የት ነበሩ?" የሚለውም ለሻይ ሰዓት አይሆንም። ንብረቱን ወይም ዘመዱን ያጣ ሰው ፊት ቆማችሁ ይሆናል። እሳቸው ካነሱት ግን ወሬ አታስቀይሩ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ታላቃችሁን "አንተ በለኝ" እስኪሉ ድረስ "እርስዎ" በሉ። ስማቸው ከጠፋችሁ "ይቅርታ፣ ስምዎ አመለጠኝ" ማለት ነውር የለውም። ስም ሳያውቁ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያሉ መክረም ነው የሚያስቀው።

መሰናበትም ይከብዳችኋል፣ አያለሁ። ወሬው ሳይቀዘቅዝ "ሌላም ሰው ይፈልግዎታል፣ ብዙ አላቆይዎት፤ ደስ ብሎኛል" ብላችሁ ሂዱ። ስልክ የሚጠየቀው ይሄኔ ነው። ማታ በቴሌግራም ስትጽፉ ያወራችሁትን አንድ ነገር አንሱ፦ "ስለ ሹፌር ችግር ያነሱትን ሳስብ ነበር፤ ሰው ስትቀጥሩ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው?" ዓይነት። "ሰላም ነው? አስታወሱኝ?" ብቻ ተብሎ የሚላከውን እኔ ራሴ አልመልስም።