ደረሰኝ የሌለው ሰዓት

ልጆቼ፣ እኔ የኦዲት ሰው ነኝ። ጡረታ የወጣሁት ከሠላሳ ዓመት በላይ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬ ነው። «ስለ ቲክቶክ ምን አገባህ?» ብትሉኝ አልቀየምም። ጉድለት የት እንደሚደበቅ ግን አውቃለሁ። ስልክ የማየት ልማድ መስመር መልቀቁ በምን እንደሚታወቅ የምጽፍላችሁም ስለምሳሳላችሁ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ልጇ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ጀበናው ገና ሳይወርድ ፎቶ ተነሳ። ፈንዲሻውም ተነሳ። አቦሉ ተቀድቶ ፊቷ ተቀመጠ፤ እሷ ስልኳን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች። እናቷ ቶናውን ልትቀዳ ብድግ ስትል አቦሉ እንዳለ ቀዝቅዟል።

«በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ የምትቆዪ ይመስልሻል?» አልኳት።

«ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው ጋሼ።»

ስልኳ አንድሮይድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚል አለ። አይፎን የያዛችሁ ስክሪን ታይም የሚለውን ታገኛላችሁ። አብረን ከፈትነው። የትናንቱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። ስልኩ የተከፈተው 118 ጊዜ። ቁጥሩን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ምን አለች? «ስልኩ ተሳስቷል።»

እናቷ ጀበናውን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ያቺን መልስ ግን ድሮ ጀምሮ አውቃታለሁ። ካዝናው ጎድሎ የተገኘ ገንዘብ ያዥ መጀመሪያ የሚለው «መዝገቡ ተሳስቷል» ነው። ብዙዎቹ ሲሉት ከልባቸው ነው። ትንሽ ትንሽ እያለ የወጣ ገንዘብ አይታወቅማ! አምስት አምስት ደቂቃም እንደዚያው ነው። በግምታችሁና በቆጠራው መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ፣ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው።

«ታዲያ ስድስት ሰዓት በዛ ማለት ነው?» ብላችሁ አትቸኩሉ። ኦዲተር የወጪውን ብዛት ብቻ አይቶ አይፈርድም። እኛ የምንጠይቀው «ደረሰኙ የታለ?» ብለን ነው። ጎረቤቴ አንዲት እናት አሉ። ሪያድ ያለች ልጃቸውን በኢሞ ሁለት ሰዓት ያወሯታል። ሲጨርሱ ሁሉን ከነሳሉ ይነግሩኛል፤ ምን ወጥ እንደሠራች፣ ጉንፋኑ እንደለቀቃት፣ ለፋሲካ ትመጣ እንደሆነ። ያ ሁለት ሰዓት ደረሰኝ አለው። የእህቴን ልጅ ግን «አሁን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምን አየሽ?» አልኳት። አሰበች። «አንድ... ድመት ነበረች» አለች። ሌላስ? ሌላ የለም። ሠላሳ ደቂቃ ወጪ፣ አንዲት ድመት ገቢ።

እኔ ልማዱ መስመር መልቀቁን የምለየው በዚህ ነው። ሰዓቱ ወጥቷል፤ በምን እንደወጣ ግን ባለቤቱ ራሱ አያውቅም።

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ያየሁትን ደግሞ ስሙ። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ቲክቶክን ዘግቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወዲያው መልሶ አወጣውና ከፈተ። የከፈተው ያንኑ የዘጋውን ቲክቶክ ነው። ለካ ጉርድ ሾላ ወራጅ ኖሯል። «ወራጅ አለ!» ያለው ሲኤምሲ ስንደርስ ነው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔን ግን ያሳሰበኝ እጁ ነው። ባለቤቱ ሳያዘው የሚሠራ እጅ።

ራሳችሁን ሰነፍ ብላችሁ አትስደቡ። ነገሩ እንዲህ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ድሮ አንድ ገጽ ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረባችሁ። እዚያች ጋ ሰው ትንሽ ይነቃል፤ «ኧረ መሸ» ይላል። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር ያቺን ማቆሚያ የሚያስቀር፣ ማለቂያ የሌለው ገጽ ሠራ። ኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቷል። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከርም በ2017 እ.ኤ.አ. ሲናገር፣ ሲሠሩት የነበረው ሐሳብ የሰውን ጊዜና ትኩረት የቻሉትን ያህል መውሰድ እንደነበር አልደበቀም። ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነው። የእናንተ ወጪ እነሱ መዝገብ ላይ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል።

በእኛ ሥራ ሰኔ 30 የሚባል ቀን አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ያበቃል፤ ሒሳብ ይዘጋል፤ ካዝና ይቆጠራል። ድካሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰሞን ስንቱን ሌሊት መሥሪያ ቤት አሳልፈናል! ግን መዝጊያ ባይኖረው ኖሮ ምን እንዳለንና ምን እንደጎደለን በፍጹም አናውቅም ነበር። ስልካችሁ ሰኔ 30 የለውም። እናንተ አብጁለት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋ እንበል። ቻርጀሩን ከመኝታ ቤት አውጥታችሁ ሳሎን ሰኩት። «አላርሙስ?» ትሉኛላችሁ። የደወል ሰዓት ዛሬም ይሸጣል፤ አንዱን ግዙ። ሰው ካልጻፈላችሁ በቀር ስልኩ እንዳይጠራችሁ ኖቲፊኬሽኑን አጥፉት። በላይቭ ስጦታ የምትልኩ ደግሞ የላካችሁትን ብር ለአንድ ወር ብቻ ደብተር ላይ ጻፉት፤ እባካችሁ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ድንገተኛ ቆጠራ ነው። ካዝና ሲቆጠር ቀድሞ አይነገርም፤ ሳይታሰብ ይገባል። እናንተም መሀል ላይ ቁም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፤ ያለፉት ሦስት ቪዲዮዎች ምን ነበሩ? ከመለሳችሁ ቀጥሉ። ካቃታችሁ ዝጉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ያለፈው እሁድ እህቴ ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛለች። ገና አፌን ሳልከፍት «ቆይ ጋሼ፣ ጠይቀኝ» አለች። ጠየቅኋት። አንዲት ሴት ዳንቴል ስትሠራ እያየች ነበር። ክሩን በሌባ ጣቷ ላይ እንዴት እንደምትጠመጥመው በራሷ ጣት አሳየችኝ። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችና ሲኒዋን አነሳች። አቦሉ ገና ይተን ነበር።