አንኮበር ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥድ፦ የተተከለ ነው ወይስ ከጥንት የቀረ?

አንኮበር ባለው ቤተ ክርስቲያን ያሉት ጥዶች ሰው የተከላቸው ናቸው ወይስ በእርሻ መሀል እንደ ደሴት ተነጥለው የቀሩ የጥንት ደን ብለህ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ፍሬውን እይ። ዛፎቹ የሀበሻ ጥድ ከሆኑ፣ ፍሬያቸው እንደ አተር ትንሽ፣ ሲበስልም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። በጣትህ ስታሸው አመድ መሳይ ሽፋኑ ይለቃል። ፍሬው እንጨት ሆኖ ደርቆ የሚከፈት ከሆነ ግን የፈረንጅ ጥድ ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ስለሆነ፣ ሰው ነው ያመጣው፤ ጥያቄህ እዚያው አለቀ።

የሀበሻ ከሆነ ነው ሥራው። በመስመር ቆሞ ውፍረቱ እኩል ከሆነ፣ ተተክሏል ብለህ ጠርጥር። ሽማግሌውና ለጋው ተቀላቅሎ፣ መሀሉ ወይራና ኮሶ ካለበት አንኮበር አቅራቢያ ያለውን የወፍ ዋሻን ደን የመሰለ የተፈጥሮ ደን ቅሪት ሳይሆን አይቀርም። ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሀል ተጭነህ አድርቅ፤ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጻፍበትና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አሳይ።

የዲኤንኤ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ከወፍ ዋሻ ጥድ ጋር ቢዛመድም ችግኙን ከዚያው ያመጣው ሰው ሊሆን ይችላል። የደብሩን አረጋውያን ጠይቅ።

አንድ ዛፍ አይተህ ግን አትፍረድ። እኔ መንዝ ላይ ፍሬ የሌለው ጥድ አይቼ «የፈረንጅ ነው» ብዬ ተናግሬ ነበር። የሀበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ወንዱ አያፈራም። በማግስቱ ስመለስ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ሴቷ ፍሬዋን ተሸክማ ቆማለች።