ኮከቡ እጅ አልጨብጥም ሲል

ጥያቄ፦ በአዳማ የሰፈር ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው የ16 ዓመት ልጅ በተሸነፍን ቁጥር ተጋጣሚዎቹን ሳይጨብጥ ይወጣል። ስቆጣው «ታላላቆቹም እንዲህ ናቸው» እያለ የዲትሮይት ተጫዋቾችንና የሌብሮን ጄምስን ቪዲዮ ያሳየኛል። አጥብቄ ብገሥጸው ወኔውን እንዳልገድልበት ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?
አሠልጣኙ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጁ ማስረጃ ይዞ መከራከሩን ወድጄለታለሁ። ማስረጃውን ግን በደንብ አላየውም።

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ዲትሮይት ፒስተንስ ቺካጎ ቡልስን ሦስት ዓመት በተከታታይ ከውድድር አስወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን የቡልሱ ማይክል ጆርዳንና ጓደኞቹ አራቱንም ጨዋታ አሸንፈው ጠረጉት። የመጨረሻው ጨዋታ ሊያልቅ 7.9 ሰከንድ ሲቀረው የዲትሮይቶቹ አይዛያ ቶማስ፣ ቢል ላምቢርና ሌሎችም ተነሥተው በቡልስ ተጠባባቂዎች ፊት ለፊት አልፈው ወጡ። ሰበብ አላጡም። ጆርዳን አጨዋወታቸውን ለጋዜጠኞች አንቋሽሾ ነበር፤ በ1988 ቦስተን በዲትሮይት ሲሸነፍም የቦስተን ተጫዋቾች ሰዓቱ ሳያልቅ እንደወጡ ቶማስ ደጋግሞ ያነሣል።

እስቲ ቪዲዮውን አብራችሁ መልሳችሁ እዩት። ጆ ዱማርስ ይጨብጣል፤ ጆን ሳሊም ይጨብጣል። ማሊያው ያው፣ ሽንፈቱም ያው። ዱማርስን ልፍስፍስ እንዳይለው ደግሞ ሰውየው ጆርዳንን በመከላከል ስም ያወጣ፣ በ1989 የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተመረጠ ነው። ዛሬ የኤንቢኤ የስፖርታዊ ጨዋነት ዋንጫ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ቶማስ በ1992 ወደ ባርሴሎና ከሄደው የኦሊምፒክ ቡድን ሲቀር ብዙዎች ነገሩን ከዚያ ምሽት ጋር አያይዘውታል። ዱማርስም ግን አልሄደም። ስለዚህ ለልጁ «ጨብጥ፣ ትሸለማለህ» እንዳይሉት፤ ውሸት ይሆናል።

ሌብሮን እ.ኤ.አ. በ2009 በኦርላንዶ ሲሸነፍ ማንንም ሳይጨብጥ ወጥቷል፤ ያሸነፈውን ሰው እንኳን ደስ አለህ ማለት እንደሚከብደውም ተናግሯል። ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። የ24 ዓመት ወጣት ተናድዶ የተናገረውን እንደ ሕግ መጥቀስ አያስፈልግም።

እኔን ከእነዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የጆርዳን የቡልስ ጓደኛ ስኮቲ ፒፐን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጆርዳን ጡረታ ወጥቷል፣ ቡድኑን በጫንቃው ተሸክሞ የከረመው ፒፐን ነው። ከኒውዮርክ ኒክስ ጋር 102 እኩል ናቸው፤ 1.8 ሰከንድ ቀርቷል። አሠልጣኙ ፊል ጃክሰን የመጨረሻውን ኳስ ሌላው የቡልስ ተጫዋች ቶኒ ኩኮች እንዲወረውር ወሰነ። ፒፐን ኳሱን እንዲያቀብል ሲታዘዝ አልገባም ብሎ ወንበሩ ላይ ቀረ። ኩኮች አስገባና ቡልስ አሸነፈ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ግን አንጋፋው የቡድን ጓደኛቸው ቢል ካርትራይት እያለቀሰ ነበር ፒፐንን የወቀሰው። ተጋጣሚን አለመጨበጥ ነውር ነው፤ ጓደኞችን በሜዳ ላይ ጥሎ መቀመጥ ግን ክህደት ነው። ፒፐን ለራሱ ከሚቆጥረው ይልቅ ለሌላው የሚያመቻች ተጫዋች መሆኑን ስለማውቅ ነው ይህ ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ወኔውን ስለ መግደል የፈሩትን በተመለከተ የሳን አንቶኒዮ ስፐርሱን ቲም ደንከንን ያሳዩት። እ.ኤ.አ. በ2013 ከማያሚ ጋር በተደረገው ሰባተኛና የመጨረሻ የፍጻሜ ጨዋታ አቻ የሚያደርጋቸውን ኳስ ስቶ ወለሉን በሁለት እጁ ጠፈጠፈ። ዝም ያለ ሰው አይከፋውም ያለው ማነው? በማግስቱ ዓመት እነዚያኑ ማያሚዎች ከአምስት ጨዋታ አራቱን አሸንፎ አምስተኛ ዋንጫውን አነሣ።

እንግዲህ ልጁን በደንብ ይከታተሉት። አልጨብጥም የሚለው ተጋጣሚን ብቻ ከሆነ ሕመሙ ቀላል ነው። ኳስ ያላቀበለውን ጓደኛውን የሚያመናጭቅ፣ የመጨረሻውን ኳስ ለሌላ ሲሰጡ ፊቱን የሚያጠቁር ከሆነ ግን ዋናው ሥራዎ እዚያ ላይ ነው፤ መጨባበጡ ይቆይ።

ስለ መጨባበጡ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለቡድኑ በሙሉ ደንብ ያውጡ። ፈገግታም እቅፍም አይጠይቁት። እጁን ይስጥና ይሂድ፤ ማልቀስ ከፈለገ መልበሻ ክፍል አለለት። ስብከት አያብዙበት፤ በዚህ ዕድሜ ስብከት የሚሰማ ልጅ አላየሁም። እምቢ ካለ ቀጣዩን ጨዋታ ከተጠባባቂ ወንበር ይጀምር፤ ጨዋታው ፍጻሜ ቢሆንም እንኳ።