መልስ፦ ክብ ሲቆርጥ ሞላላ ለሚያወጣው ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን)

ወንድሜ፣ ማሽኑን 80 ስቴፕ (የሞተር እርምጃ) በሚሊሜትር ላይ ማድረግህ ልክ ነው። 20 ጥርስ ያለው የጂቲ2 ፑሊ (ጥርሶቹ 2 ሚሊሜትር የሚራራቁትን ቺንጋ የሚነዳው ጥርሳም ጎማ) በአንድ ዙር 40 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ የሞተሩ አንድ ዙር 200 ስቴፕ ነው፣ እያንዳንዱ ስቴፕ ወደ 16 ማይክሮስቴፕ (ትንንሽ እርምጃ) ሲከፈል 3200 ይሆናል፣ ለ40 አካፍለው። ክቡን ለማስተካከል ብለህ ይህን ቁጥር አትነካካ፤ ሞላላው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማሽኑ አቅጣጫ ሲቀይር ከሚፈጠረው ክፍተት ነው።

ሞተሩ ላይ ኃይል እንዳለ ጋንትሪውን (መቁረጫውን የተሸከመውን ተንቀሳቃሽ ድልድይ) በእጅህ ገፋ አድርግና ፑሊውን ጠጋ ብለህ እይ። የሞተሩ ዘንግ ቆሞ ፑሊው ነቅነቅ ካለ ጥፋቱ ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የምታስረው ብሎን ላይ ነው። አንዷ ብሎን የግድ ዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ማረፍ አለባት፤ ዘንግህ ድፍን ክብ ከሆነ በሞረድ ጠፍጣፋ አውጣለት (ብናኙ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ በፕላስተር ሸፍነህ)።

ፑሊው ካልተነቃነቀ ቺንጋው እየተለጠጠ ሳይሆን አይቀርም። 6 ሚሊሜትር ስፋት ለ3ዲ ፕሪንተር እንጂ እንጨት ለሚቆርጥ ማሽን ይሳሳል፤ ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ወደ 10 ሚሊሜትር ቀይረው፣ ፑሊውንም አብረህ። ውስጡ የብረት ሽቦ ያለበትን ቺንጋ ግን አትግዛ፣ በትንሽ ፑሊ ላይ ሲታጠፍ ሽቦው ይበጣጠሳል፤ ውስጡ ፋይበርግላስ (የመስታወት ክር) ያለበት ይሻላል። ቢያንስ 6 የቺንጋው ጥርስ ፑሊውን መንከስ አለበት፣ አለዚያ ይዘልልሃል። ከመጠን በላይ ከወጠርከው የሞተሩን ኩሽኔታ ትበላዋለህ።